ከትንቢት እስከ መታወቂያ፦ የቴዎድሮስ ስም ጉዞ

ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ስሜን ውስጥ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል ሲያደርጉ፣ ለመንገሥ የሚያስፈልገው ሁሉ ማለት ይቻላል ተሟልቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ተሸናፊው ውቤ ናቸው፣ ያሠሯትም ራሳቸው ሊነግሡባት ነበር ይባላል። ቀብተው የሚያነግሡት ጳጳስ አቡነ ሰላማም ከካሳ ጎን ናቸው። ጦርነቱ ባለቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥርዓተ ንግሡ ተፈጸመ። አዲሱ ንጉሥ ዳዊት መባል ይችሉ ነበር። ኢያሱ፣ ፋሲል፣ ተክለ ጊዮርጊስ ቢባሉም ጎንደር ለምዶታል። እሳቸው ግን ከአራት መቶ ዓመት በላይ በዙፋን ላይ ያልተሰማ ስም አነሡ፤ ቴዎድሮስ ተባሉ።

ስመ መንግሥት እንደ ማኅተም ነው፤ ባለቤቱ ማን ነኝ እንደሚል ያሳያል። ብዙዎቻችን ስሙን የምናውቀው በሰውየው በኩል ስለሆነ፣ ቴዎድሮስ ሲባል ሹሩባው፣ መድፉ ሴባስቶፖልና የሞቱበት መቅደላ ናቸው ቀድመው የሚታዩን። ነገሩን ገልብጦ ማየት ግን ይበጃል። ስሙ ከሰውየው በእጅጉ ይቀድማል። እንዲያውም ካሳ ስሙን የመረጡትን ያህል ስሙም ካሳን መርቷቸዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መነሻው ግሪክ ነው። ቴዎስ አምላክ፣ ዶሮን ስጦታ፤ ሁለቱ ተጋጥመው ቴዎዶሮስ፣ የአምላክ ስጦታ ይሆናሉ። ስሙን ክርስትና የወለደው የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፤ አይደለም። ግሪኮች ዜውስንና አፖሎንን በሚያመልኩበት ዘመን ልጆቻቸውን እንዲህ ይሉ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሳሞስ ደሴት በሕንፃና በቅርጻ ቅርጽ የታወቀ ቴዎዶሮስ ነበረ። ቆይቶም በሊቢያ ጠረፍ የቀሬና ሰው የሆነ የሒሳብ ሊቅ ተነሣ። ፕላቶን ቴአይቴቶስ በተባለው ድርሳኑ ስሙን ያነሣዋል፤ ከ3 እስከ 17 ያሉትን ቁጥሮች ዳግም ሥር እየመረመረ፣ ሙሉ ሥር የሌላቸው በክፍልፋይ ሊገለጹ እንደማይችሉ ያሳየው እሱ ነው።

ስሙን ለዓለም ያሠራጩት ግን ሊቃውንት ሳይሆኑ ወታደሮች ናቸው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ሮም ክርስቲያኖችን ታሳድድ በነበረበት ጊዜ፣ በታናሽ እስያ ቴዎድሮስ የሚባሉ ሰማዕታት ታወቁ። አንዱ ጢሮን ይባላል፤ ምልምል ወታደር ማለት ነው፣ የአማስያ ሰማዕት ነው። ሌላው የጦር አለቃው ቴዎድሮስ ነው፤ የእርሱ ገድል ከዘንዶ ጋር የተያያዘ ነው። የአንዲት መበለት ልጆች ለዘንዶ ሊሰጡ ሲሉ በፈረሱ ደርሶ ዘንዶውን በጦር ገደለው ይላል ትውፊቱ። ቅዱስ ጊዮርጊስን ለምናውቅ ታሪኩ እንግዳ አይደለም፤ ሁለቱ በብዙ አገር ሥዕል ጎን ለጎን ይጋልባሉ። የቬኒስ ከተማ እንኳ የቅዱስ ማርቆስ ዐፅም ነው የተባለው ከእስክንድርያ ተወስዶ ሳይደርሳት በፊት ጠባቂዋ ይኸው ቴዎድሮስ ነበር። ዛሬም በባሕሩ ዳር ካሉት ሁለት ዓምዶች በአንደኛው ላይ የገደለውን አውሬ ረግጦ ቆሞ ይታያል። ስሙ የተጠራው ሁሉ ግን ቅዱስ አይደለም። የንስጥሮስ ትምህርት ምንጭ ነው ተብሎ የተወገዘው የሞፕሱስትያው ጳጳስም ቴዎድሮስ ነው።

ከዚያ በኋላ ስሙ በየአገሩ መልኩን ቀየረ። ሩሲያውያን የግሪኩን ቴታ ወደ ፈ አዙረው ፊዮዶር አሉት፤ ሦስት ዛሮች ነግሠውበታል፣ ዶስቶየቭስኪም ሞክሼያቸው ነው። አርመኖች ቶሮስ ብለው አሳጠሩት። ስላቮች ሲፈልጉ ድምፁን ትተው ትርጉሙን ብቻ ወስደው ቦግዳን አሉ። ሁለቱን ክፍሎች ቦታ ብታለዋውጣቸው ደግሞ የሴት ስም ይሆናል፣ ዶሮቴያ። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1902 እ.ኤ.አ. አደን ወጥተው የታሰረ ድብ አልተኩስም በማለታቸው የጨርቁ ድብ ቴዲ ተባለ። ሰውየው ቴዲ መባልን አይወዱም ነበር፤ ማን ሰምቷቸው።

ግብፃውያን ታድሮስ፣ ታዋድሮስ ይሉታል። የዛሬው የእስክንድርያ ፓትርያርክ ዳግማዊ ታዋድሮስ በመስከረም 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው ደመራውን ከእኛው ፓትርያርክ ከአቡነ ማትያስ ጋር አክብረዋል። ጋዜጦቻችን ታዋድሮስ ብለው ስለጻፉት የመጡት እንግዳ ቴዎድሮስ መሆናቸውን ልብ ያለው ብዙ አልነበረም። ማትያስም በዕብራይስጡ የአምላክ ስጦታ ነው። መስቀል አደባባይ ላይ በዚያ ቀን ሁለት ፓትርያርኮች በአንድ ስም ቆመው ነበር ማለት ነው።

ወደ እኛ የመጣው ቅርጽ ከብዙዎቹ ይልቅ ለግሪኩ የቀረበ ነው። ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ማርቆስ፣ ቄርሎስ፣ ቴዎፍሎስ ሲባል መጨረሻው ላይ ያለችው ኦስ የግሪክ ሰዋስው ትሩፋት ናት። አውሮፓውያን አብዛኞቹ ቆርጠው ሲጥሏት ግዕዝ ጠብቆ አቆያት። ሰማዕታቱን በየዕለቱ ያስተዋወቀን ስንክሳሩ ነው፤ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ይህ መጽሐፍ የጦር አለቃውን ቴዎድሮስ ሐምሌ 20፣ ምሥራቃዊ የሚባለውን ቴዎድሮስ በናድልዮስን ደግሞ ጥር 12 ያስባቸዋል። የኋለኛው ዕድለ ቢስ ነው ልበል? ጥር 12 የቃና ዘገሊላና የሚካኤል ታቦት የሚገባበት ቀን ስለሆነ በዚያ ሁሉ ሆታ መካከል እሱን የሚያስታውሰው የደብሩ ካህን ብቻ ነው።

ስንክሳር የማያነበው ምእመን ግን ቴዎድሮስን በዓይኑ ያውቀዋል። በክብ ቤተ ክርስቲያን ገብተህ የመቅደሱን ግድግዳ ብትዞር ፈረሰኞቹ ሰማዕታት በሰልፍ ይታያሉ። ጊዮርጊስ በአምባላይ ፈረስ፣ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ሆኖ ንጉሥ ዑልያኖስን ሲወጋ፤ ከዚያ ቴዎድሮስ፣ ገላውዴዎስ፣ ፋሲለደስ፣ ዮስጦስ፣ ፊቅጦር። ሠዓሊው ፈረሱን በቀለም ካልለየው ወይም ስሙን ከላይ ካልጻፈው አንዱን ከአንዱ ማወቅ ያስቸግራል። አሁን ደግሞ የነገሥታቱን ዝርዝር አውጣ፤ ገላውዴዎስ ግራኝን ድል ያደረጉት፣ ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆሩት፣ ዮስጦስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት። ዙፋናችን ከዚያ ግድግዳ ላይ ብዙ ስም ወርዶለታል። ቴዎድሮስም በዚህ መንገድ ከሁሉ ቀድሞ ነው የወረደው።

ቀዳማዊ ቴዎድሮስ የአፄ ዳዊት ልጅ ናቸው፤ ግማደ መስቀሉን አስመጡ የሚባሉት ዳዊት። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. 1413 አካባቢ ነገሡ፤ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላቸው ሞቱና ወንድማቸው ይስሐቅ ተተኩ። ከዚህ በላይ የሚነገር ሥራ የለም ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ጎንደር የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ አንድ ነገር ገርሞት ጽፏል። ሕዝቡ ይህ ንጉሥ ተመልሶ ይነሣል፣ ሺህ ዓመት ይነግሣል፣ በዘመኑም ጦርነት ይቀራል ብሎ ያምናል። ብሩስም እንዲህ ያለ ተስፋ የተጣለበት ዘመን አንድ ያማረ ነገር ሳይኖረው አይቀርም ብሎ ገመተ። እኔ በተቃራኒው ነው የማስበው። ረጅም ዘመን የገዛ ንጉሥ ግብር ጥሏል፣ ሰው ቀጥቷል፣ ጠላት አፍርቷል። ጀምሮ ያልጨረሰ ንጉሥ ግን ተስፋን ለማንጠልጠል ይመቻል።

ተስፋውን በጽሑፍ ያጸናው ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለው የግዕዝ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ስለ መጨረሻው ዘመን ይናገራል፤ መኳንንቱ ግፈኞች ይሆናሉ፣ ካህናቱ ይስታሉ፣ ረኃብና ጦርነት ይበዛል። ከዚያ በኋላ ከምሥራቅ ስሙ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል፤ ምድር ትረካለች፣ ሃይማኖት ይቀናል፣ ሰላም ይወርዳል። እንዲህ ያለው ቃል በየደብሩ እየተገለበጠ፣ በክታብ መልክ አንገት ላይ ሳይቀር እየተንጠለጠለ፣ ያልተማረውም ከተማረው እየሰማ ለትውልድ ተላለፈ። ንግሥናውን የሚፈልጉ የጎንደር መሳፍንት ስሙን ለምን ሳይነኩት ቆዩ? የኔ ግምት ስሙ ከብዶ ነው የሚል ነው። ቴዎድሮስ ነኝ ያለ ሰው ጥጋብና ሰላም ማምጣት አለበት፤ ኢያሱ ነኝ ያለ ግን ግብር ቢያበላ ይበቃዋል።

ዘመነ መሳፍንት ለትንቢቱ የተመቸ ጊዜ ነበር። ነገሥታቱ ጎንደር ላይ ተጎልተው አንዱ ራስ ሲሾማቸው ሌላው ሲሽራቸው፣ ገበሬው በወታደር ሲዘረፍ፣ መጽሐፉ የሚለው ክፉ ዘመን ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ካሳ ይህን ያውቁ ነበር። ቋራ ተወልደው በገዳም ትምህርት ያደጉ፣ በኋላም ሸፍተው በረሃ የከረሙ ሰው ናቸው። ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቧቸዋል፤ በዘር ቆጠራ ከጎንደሮቹ ጋር ቢፎካከሩ ክርክሩ አያልቅም። በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃች ጎሹን፣ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ካሸነፉ በኋላ ጉልበት ነበራቸው፤ የጎደላቸው ጉልበት የማይሰጠው ነገር ነው። ቴዎድሮስ የሚለው ስም ያንን ሞላላቸው። የአባቴ ልጅ ነኝ ብሎ ከመከራከር እግዚአብሔር አስቀድሞ የተናገረልኝ ነኝ ማለት ይቀላል፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ ማንም ደብተራ በትውልድ ሐረግ ሊያፈርሰው አይችልም።

አንድ እንከን ነበረች። ትንቢቱ ከምሥራቅ ይላል፤ ቋራ ከጎንደር ወደ ምዕራብ፣ የሱዳን ጠረፍ ናት። ባለቅኔ በማይጠፋበት አገር ይህን የሚያቃና ትርጓሜ ሳይገኝ አልቀረም፤ ድል ያደረገን ሰው በካርታ የሚሞግት ደግሞ የለም።

ስሙን ጌጥ አድርገው ብቻ አልያዙትም። በ1855 ዓ.ም. ጥቅምት ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ታዋቂ ደብዳቤ እግዚአብሔር ከትቢያ አንሥቶ ኃይል ሰጥቶ በአባቶቻቸው ዙፋን እንዳስቀመጣቸው ይናገራሉ። የኢትዮጵያ ባል፣ የኢየሩሳሌም እጮኛ እየተባሉ መጠራታቸውም ይነገራል። ኢየሩሳሌምን ነፃ ማውጣት ለቋራ ሽፍታ ዕቅድ ሊሆን አይችልም፤ ለፍካሬው ቴዎድሮስ ግን የሥራ ዝርዝሩ ነው። ባላገሩን የሚዘርፍ ወታደር እንዲቀር፣ ሠራዊቱ ደመወዝ እንዲቆረጥለት፣ የቤተ ክርስቲያን መሬት እንዲቀነስ፣ ጋፋት ላይ መድፍ እንዲሠራ ያዘዙበት ጥድፊያ ሁሉ ቀኑ የተቆረጠለት ሰው ጥድፊያ ይመስላል። ተስፋው ሲከዳቸውም ቁጣው የዚያኑ ያህል ሆነ። ሰላም የሚያመጣው ንጉሥ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ከነአብያተ ክርስቲያኗ አስዘርፈው አቃጠሉ። ለተራ ንጉሥ ሽንፈት ሽንፈት ነው። በትንቢት ለነገሠ ሰው ሽንፈት ስሙን ያፈርስበታል፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጅ ከመስጠት ሽጉጣቸውን መጠጣታቸው ከኩራት ብቻ የመጣ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ስሙ ዝም አለ። ቀጥለው የነገሡት ዋግሹም ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተባሉ፤ ደጃች ካሳ ምርጫ ደግሞ፣ የቀድሞው ካሳ ሞክሼ ሆነው ሳለ፣ ዮሐንስ ተባሉ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የተባሉት ገና በልጅነታቸው ነው፤ እሱም ከአፈ ታሪክ የመጣ ስም ነበር። ምኒልክ ልጅ ሳሉ ወደ መቅደላ ተወስደው በአፄ ቴዎድሮስ እጅ አሥር ዓመት ያህል ኖረዋል፣ በ1857 ዓ.ም. ያመለጡትም ከዚያው ነው። በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ቴዎድሮስ ብሎ ልጅ መሰየም የሚያስመሰግን አልነበረም። ጎንደርና ወሎ ደግሞ የቃጠሎውን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎች በሕይወት ነበሩ። አለቃ ዘነብ የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ ጽፈው ባያቆዩልን (ዜና መዋዕል በግዕዝ ይጻፍ በነበረበት ጊዜ ይህ ራሱ አዲስ ነገር ነው) የዘመኑን ድምፅ ይበልጡን ከባዕዳን በሰማን ነበር።

ስሙን ከሙታን ያስነሡት ደራስያን ናቸው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔት ጀመሩት። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ60ዎቹ መጀመሪያ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን አወጡ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ንጉሡን መድረክ ላይ አቆማቸው። እነዚህ ጸሐፊዎች የፈለጉት የተቃጠለችውን ጎንደር አይደለም። አንድነትን ያለመ፣ ከድሃ ቤት የወጣ፣ መኳንንቱን የተጋፈጠ፣ ለባዕድ እጁን ያልሰጠ ሰው ነው የፈለጉት፤ የራሳቸው ዘመን ጥያቄ ነበረ። ንጉሡ ከፍካሬ ኢየሱስ ወጥተው ወደ ልብ ወለድ ገቡ፤ መጽሐፉ ቢለወጥም ሥራቸው አልተለወጠም፣ አሁንም የሚመጣው ዘመን ምልክት ናቸው። አዲስ አበባ ላይ በቸርችል ጎዳና የሴባስቶፖል አምሳያ የቆመበት አደባባይ፣ ጎንደር ላይም አውሮፕላን ማረፊያው በስማቸው ተጠሩ።

ወላጆች ያን ጊዜ ነው ስሙን ወደ ቤት ያስገቡት። ክርስትና ስም በአርባ ቀን ከቄሱ ይመጣል፤ ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ ይባላል። ዓለማዊው ስም ግን የእናትና የአባት ነው፤ ቀድሞ ደስታ፣ አበበ፣ ወርቁ፣ ተሰማ ይባል የነበረው ልጅ በከተማው ዳዊት፣ ሰሎሞን፣ ዳንኤል፣ ቴዎድሮስ መባል ጀመረ። ካሳ የሚለው ስም ልጅ ለሞተበት ወይም ሌላ ኀዘን ለደረሰበት ቤት ይሰጥ ነበር፤ የጠፋው ተተካልኝ ነው። ካሳ ወይም ካሳሁን የሚባል አባት ታዲያ ወንድ ልጅ ሲወልድ ቴዎድሮስ ማለቱ ይቀናዋል፤ ስሙ ሲጠራ ንጉሡ በሁለቱም ስማቸው ይመጣሉ። በ1968 ዓ.ም. የተወለደው ድምፃዊ ቴዎድሮስ ካሳሁን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2009 ዓ.ም. ባወጣው «ኢትዮጵያ» በተሰኘው አልበም ውስጥ ለሞክሼው ንጉሥ ዘፈን አለው።

ሰፈር ውስጥ ግን ማንም ሙሉውን አይጠራውም። ቴዲ ነው፣ ቴዎ ነው። እናት ስትቆጣ ብቻ ቴዎድሮስ ይሆናል። በትግርኛ ቴድሮስ ይባላል፤ አሥመራ በ1957 ዓ.ም. የተወለዱት የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም ይህን ቅርጽ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ በየዜናው አስተዋውቀውታል። ከአገር የወጣ ሰው በላቲን ፊደል ሲጽፈው ያለው ጣጣ ለብቻው ነው። አንዱ ዎን ያስገባታል፣ ሌላው ይዘላታል፣ ሦስተኛው ቲ ብሎ ኤች ይጨምርበታል፤ አሜሪካ ያለው ደግሞ ቲዎዶር ተብሎ እንዳይጠራ ቴዲ ብሎ ይገላገላል። ስምህ ይኸው ከሆነ ፓስፖርትህና የትምህርት ማስረጃህ ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን አሁኑኑ ተነሥተህ እይ፤ ብዙ ሰው የተጉላላው በዚህች በአንዲት ዎ ነው።

በየቀበሌው መዝገብ ላይ ስንት ቴዎድሮስ እንዳለ መቁጠር ይከብዳል፤ ዙፋኑ ላይ የተቀመጡትን መቁጠር ግን ቀላል ነው። ሁለት ናቸው፣ ሁለቱ ተደምረው ከአሥራ አምስት ዓመት ያነሰ ገዙ፤ ሣልሳዊ ነኝ የሚል ሳይነሣ የኢትዮጵያ ዘውድ በ1967 ዓ.ም. ተሻረ።